ካን ሄዳችሁ ማንን አያችሁ?



የርዕሱ ጥያቄ የእኛ አይደለም። ከሁለታችን የአንዳችን የእህት ልጅ ደሴ ውስጥ አስራ አንደኛ ክፍል ይማራል። በ2017 ግንቦት አጋማሽ የፈረንሳይዋ ካን ከተማ መሆናችንን ሲሰማ የላከልን መልእክት ይሄው ነበር፦ «ማንን አያችሁ?» ከስሩ የአራት የአምስት ተዋንያንን ስም ደርድሯል። ማን ምን እንደለበሰች፣ ማን ከማን ጋር ደረጃውን እንደወጣ አንድም ሳይቀር ያውቃል። እኛ አጥሩ ስር ሁለት ሰዓት ቆመን ያየነው የሰው ማጅራት ነው። እሱ ደሴ ቁጭ ብሎ ከእኛ የተሻለ አይቷል።

ያኔ «ማንንም አላየንም» ብለን አለፍነው። ነገር ግን ጥያቄው ከውስጣችን አልወጣ አለ። እንዲያውም ብዙ ሰው አይተናል፤ እሱ የጠየቀንን ሰዎች ግን አይደለም። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ ማታ ማታ ስልኩ ላይ ለሚያመሸው ወጣት ሁሉ፣ መልሱን ረዘም አድርገን ለመጻፍ ተነሳን።

አስቀድመን «ሙስሊም ሆናችሁ ፊልም ፌስቲቫል ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?» ለምትሉ ወንድሞች። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። የምንኖረው ሰሜን ጣሊያን ነው። ከሁለታችን አንዱ የሚተዳደረው የኒካሕ ቪዲዮ እየቀረጸ ነው፤ ካሜራ እንጀራው ነው። «የዓለም ፊልም የሚሸጥበትን ገበያ አንድ ቀን በዓይኔ ልየው» ሲል ዓመታት አለፉ። ሌላኛችን የሄደው ባሕሩን ለማየት ነው። ከዚህ የበለጠ ሰበብ የለንም።

ሐሙስ ማታ የጣሊያን የመጨረሻዋ ከተማ ቬንቲሚሊያ አደርን። ይህችን ስም በስደት የወጣ ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል። ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ የእኛም ልጅ፣ ሊቢያንና ባሕሩን ተሻግሮ የሚቆመው እዚህ ነው። ፈረንሳይ ከ2015 ጀምሮ ድንበሯ ላይ ቁጥጥሩን መልሳለች፤ ባቡሩ ማንቶን የምትባለው የመጀመሪያ ጣቢያ ላይ ሲቆም ፖሊሶች ገብተው ወረቀት ያያሉ። እኛም መኖሪያ ፈቃዳችንን አሳይተን አለፍን። ከእኛ ፊት ለፊት የተቀመጡ፣ ልብሳቸውን በረጅም ከረጢት ሰቅለው የያዙ ሁለት ነጫጭ ወጣቶች ግን ቀና ብሎ ያያቸው የለም። ቱክሲዶ ይመስለናል። ወደ አንድ ቦታ ነበር የምንሄደው።

የሚገርመው፣ ካን ራሷ የተቆረቆረችው በተዘጋ ድንበር ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1834 ሎርድ ብሩም የሚባል የእንግሊዝ ሹም የታመመች ልጁን ይዞ ወደ ጣሊያን ሲጓዝ በኮሌራ ወረርሽኝ የተነሳ ድንበሩ ተዘግቶ አገኘው። ወደ ኋላ ተመልሶ አንዲት የአሳ አጥማጆች መንደር ውስጥ አረፈ። ቦታውን ወደደው፤ ቤት ሠራ። ሌሎች የእንግሊዝ ባለጸጎች ተከተሉት። ሆቴሉ፣ የዘንባባው ጎዳና፣ የመርከቡ ወደብ፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ድንበር የመለሰው ሎርድ ከተማ አቆመ። ዛሬ በዚያው ድንበር በሌላው አቅጣጫ የሚመለሰው ልጅ ድልድይ ስር ያድራል።

ዓርብ ቀን ካን ስንደርስ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ላ ቦካ ነው፤ ጁሙዓ ደርሶ ነበር። ላ ቦካ ከከተማው በስተ ምዕራብ ያለ ሠራተኛው የሚኖርበት ሰፈር ነው። እዚያ ያሉት ሕንጻዎች በፖስታ ካርድ ላይ አይወጡም። መስጂዱ ሞልቶ ነበር። ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ የለበሰ ሰው በዛብንና መጀመሪያ የበዓል ልብስ መሰለን። ኋላ ነው የገባን፤ ከሆቴልና ከሬስቶራንት ፈረቃቸው መሐል ሹልክ ብለው የመጡ አስተናጋጆች ናቸው። ኢማሙ ሲያሰላምት አንዳንዶቹ ሱናውን እንኳ ሳይሰግዱ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

እዚያ አንድ የቱኒዝያ ሽማግሌ ተዋወቅን። በከፊል ጣሊያንኛ፣ በከፊል ዐረብኛ ተግባባን። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። እኛም በእነሱ ወግ «ዓሚ» አልናቸው።

«ለፌስቲቫሉ ነው የመጣችሁት?» አሉን።

«አዎ፣ ዓሚ።»

«ምንም አይደል፣ እዩት። ነገ ግን ወደ ደሴቱ ተሻገሩ። እዚያ ወንድሞቻችን አሉ፣ ማንም አይጎበኛቸውም።»

ደሴቱ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ያሉ መስሎን ነበር። «ሰላም በሏቸው» ብለው ጨብጠውን ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ክሯዜት ወደሚባለው የባሕር ዳር ጎዳና ወረድን። በአንድ በኩል ባሕር፣ በአንድ በኩል የሆቴል ሰልፍ ነው። ፌስቲቫሉ የሚካሄድበት ፓሌ ከሩቅ ሲያዩት ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ነው፤ በቴሌቪዥን የለመድነው ግርማ የለውም። ዝነኛው ቀይ ምንጣፍ ስድሳ ሜትር ያህል ነው፤ ደረጃው 24 ነው። ቆጠርነው። ዓለም በየዓመቱ ለአስራ ሁለት ቀን ዓይኑን የሚተክለው በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ካሜራው ትንሽ ወደ ግራ ቢዞር የቆሻሻ መኪና ይታያል፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ቢዞር እኛ እንታያለን።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ሕዝብ ነው ይበልጥ የገረመን። ከቀናት በፊት መሰላል አምጥተው ከብረት አጥሩ ጋር በሰንሰለት የቆለፉ አሉ፤ ቦታ መያዣ ነው። ማታ መሰላሉ ላይ ወጥተው ያያሉ። ሌሎች ደግሞ ሙሉ ቱክሲዶና የማታ ቀሚስ ለብሰው፣ በእጃቸው ወረቀት ይዘው ቆመዋል፤ የመግቢያ ጥሪ የተረፈው ካለ እንዲሰጣቸው የሚለምን ጽሑፍ ነው። ትልቁ አዳራሽ ሁለት ሺ ሦስት መቶ ያህል ሰው ይይዛል፤ ትኬቱ ግን እንደ ተራ ሲኒማ ቤት በገንዘብ ለመጣው ሁሉ አይሸጥም። ስለዚህ እንዲህ ያጌጠ ሰው ቆሞ ይለምናል። ሱብሓነላህ፣ ልመናን በዚህ ልብስ አይተን አናውቅም!

እውነቱን ለመናገር እኛም ቆመናል። አንድ ጥቁር መኪና በቆመ ቁጥር አንገታችንን እናስረዝም ነበር። ሕዝቡ ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳናውቅ ስልካችንን አነሳን። ነፍስ ደካማ ናት። መግሪብ ሊያመልጠን ሲል ነው የባነንነው።

ደረጃውን የሚወጡት ሁሉ ፊልም የሠሩ እንዳይመስላችሁ። ብዙዎቹ የመዋቢያና የጌጣ ጌጥ ኩባንያዎች ያመጧቸው ፊቶች ናቸው። አንገታቸው ላይ የሚያበራው አልማዝ በአብዛኛው የውሰት ነው፤ ማታ ታስሮ፣ ከጥበቃ ጋር ወጥቶ፣ ሌሊቱን ተፈትቶ ወደ ካዝና ይመለሳል። ቀሚሱም እንደዚያው። የእኛ ሰው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያለው ይህን ሳያይ ነው። የደሴው ልጃችን ግን የዚያን የውሰት ጌጥ ዋጋ ጽፎልናል፤ በዶላር። የአባቱን የደሞዝ ልክ ጠይቁት፤ አያውቀውም።

ስለ ልብስ ከተነሳ፣ ይህን ሳንናገር አናልፍም። በ2025 ፌስቲቫሉ ሊከፈት ሲል አዲስ ደንብ ወጣ፦ ለጨዋነት ሲባል ራቁትነት በቀይ ምንጣፉም ሆነ በሌላው የፌስቲቫሉ ቦታ ተከልክሏል። ዜናውን ስንሰማ ፈገግ ብለናል። በአንጻሩ በ2015 ደግሞ ተረከዘ ዝቅ ያለ ጫማ አድርገው የመጡ ሴቶች ከደረጃው ተመለሱ ተብሎ ዓለም ተንጫጭቶ ነበር። አሁን ወደዚያው ከተማ የባሕር ዳርቻ እንሂድ። ጁላይ 28፣ 2016 የካን ከንቲባ ዴቪድ ሊስናር ቡርኪኒን፣ ማለትም ሙስሊም ሴቶች ገላቸውን ሸፍነው የሚዋኙበትን ልብስ፣ ከባሕር ዳርቻው አገዱ። ለብሳ የተገኘች 38 ዩሮ ትቀጣለች። ጎረቤቷ ኒስ ላይ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ሰው የጭነት መኪና በሕዝብ ላይ ነድቶ 86 ሰው ገድሎ ነበር፤ ከተማው በድንጋጤ ላይ ነበረ። ድንጋጤውን እንረዳለን። ከሟቾቹ መካከል ግን ሒጃቧን የለበሰች የሰባት ልጆች እናት ነበረች። እገዳው ያረፈው እሷን በመሰሉ ሴቶች ላይ ነው።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ማዘጋጃ ቤቱና ፌስቲቫሉ አንድ አይደሉም። የፈረንሳይ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤትም ኦገስት 26፣ 2016 የጎረቤት ከተማዋን የቪልነቭ ሉቤን ተመሳሳይ እገዳ መሠረታዊ ነጻነትን የሚጥስ ነው ብሎ አስቆመው፤ የካኑም ወዲያው ተከትሎ ወደቀ። ዛሬ እህታችን በካን ውሃ ውስጥ በቡርኪኒዋ ልትዋኝ ትችላለች። ነገር ግን እዚያው አሸዋ ላይ ቆመን ያሰብነው ይህን ነው፦ አንዲት ሴት ብዙ በመሸፈኗ ከባሕሩ ትወጣለች፤ ሌላዋ ብዙ በመገላለጧ ከምንጣፉ ትመለሳለች፤ ሦስተኛዋ በጫማዋ። ልኩን የሚሰፍር ሁሌ ሌላ ሰው ነው። «በሒጃብሽ ምክንያት ኋላ ቀር ነሽ» የሚሏት የከተማችን ልጅ ይህን ብታውቀው አይከፋም፤ የነጻነት ምልክት አድርገው የሚያሳዩዋት ቦታ ራሱ በደንብ የታጠረ ነው።

አሁን ወደ አንድ ነገር እንመለስ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ስለሆነ። ይህ ፌስቲቫል ለምን ተጀመረ? በ1930ዎቹ የፊልም ሰዎች የሚሰበሰቡት ጣሊያን፣ ቬኒስ ነበር። ትልቁ ሽልማት «የሙሶሊኒ ዋንጫ» ይባላል። በ1938 ዋንጫው ለሁለት ፊልሞች ተሰጠ። አንዱ ሂትለር ስላዘጋጀው ኦሎምፒክ የጀርመኗ ሌኒ ሪፈንሽታል የሠራችው ነው። ሁለተኛው «ሉቺያኖ ሴራ፣ ፓይለት» የሚባል የጣሊያን ፊልም ነው። ይህ ፊልም የሚያበቃው የት መሰላችሁ? ኢትዮጵያ ውስጥ። በወረራው ጦርነት ላይ ጣሊያናዊው አብራሪ ልጁን ለማዳን ራሱን ሲሰዋ። ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነው፤ እሱ ራሱ በዚያ ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ነበር። አያቶቻችን ላይ ቦምብ ከጣሉት አንዱ ተመልሶ ፊልም ሠራ፤ በፊልሙ ውስጥ ጀግናውም፣ የሚታዘንለትም ጣሊያናዊው ነው። ዋንጫም ወሰደ።

ፈረንሳዮች በዳኝነቱ ተናደው ወጡ፤ የራሳችንን ፌስቲቫል እናቋቁማለን አሉ። ካን ተመረጠች። ለኢትዮጵያ ተቆርቁረው እንዳልነበር ግልጽ ነው፤ የበርሊንና የሮም ጣልቃ ገብነት ነው ያስቆጣቸው። መክፈቻው ለሴፕቴምበር 1፣ 1939 ተቀጠረ። በዚያው ቀን ጀርመን ፖላንድን ወረረች፤ ፌስቲቫሉ ቀረ። የመጀመሪያው እውነተኛ ፌስቲቫል የተካሄደው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1946 ነው። የካሜራ ባለሙያው ጓደኛችን ይህን ታሪክ ሲያነብ ስልኩን አስቀምጦ ዝም አለ። ቆይቶ «እኔ የኒካሕ ቪዲዮ ስቀርጽ እንኳ ካሜራው በማን በኩል እንደሚቆም ሁለቱ ቤተሰብ ይጣላል» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወደቡ ልንወርድ ስንል ቡና ቤት ተቀምጠን ነበር። አራት ሰዓት አለፍ ሲል የቡናው ማሽን እህ ብሎ ቆመ። መብራት ሄደ! መጀመሪያ የቤቱ መስሎን ነበር። ስንወጣ የትራፊክ መብራቱም የለም፣ ሱቁም ጨለማ ነው፣ ካርድ አይሠራም፣ ሰው ሁሉ ጎዳና ላይ ወጥቶ ይተያያል። ኋላ እንደሰማነው ሌሊቱን የኤሌክትሪክ ማሰራጫ ተቃጥሎ፣ የከፍተኛ ኃይል መስመር ተሸካሚ ምሰሶ እግር ተቆርጦ ነው፤ ከመቶ ሺ በላይ ቤት ጨለማ ውስጥ ገባ። እኛ ብቻ ነበርን የተረጋጋነው። አላህ ይመስገን፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከአውሮፓውያን ቀድመን የሠለጠንበት ነገር ተገኘ። ኪሳችን ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ነበረን፤ የቡናውን ከፍለን ወጣን።

ፓሌው ግን አልጨለመም፤ የራሱ ኃይል ነበረው። የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ማታ እንደታቀደው ይካሄዳል ተባለ። ከተማው በሙሉ ጨልሞ ቀዩ ምንጣፍ ያለበት ሕንጻ ብቻ ሲበራ አየን። አስተያየት አንጨምርበትም።

በጀልባ ወደ ሴንት ማርጋሪት ደሴት ሩብ ሰዓት ነው። ሰው የሚሄደው ለምሽጉ ነው፤ በአስራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ፊቱ በጭምብል የተሸፈነ ምስጢራዊ እስረኛ የታሰረበት ክፍል ይጎበኛል። ስለ እሱ ብዙ ልብ ወለድ ተጽፏል፤ ፊልምም ተሠርቷል። ዓሚ ያሉን ግን ሌሎቹን ነው። በጥድና በባሕር ዛፍ መሐል (አዎ፣ ባሕር ዛፍ! ሽታው እንጦጦን አስታወሰን) ጥቂት እንደሄድን መሬት ላይ በዝቅተኛ ድንጋይ የተከበቡ ቦታዎች አየን። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ያለ አጥር፣ ያለ ግርግር። የሙስሊም መቃብር ነው። ስም የተጻፈበት ድንጋይ ፈልገን አላየንም።

እነዚህ እነማን ናቸው? የአልጄርያው አሚር ዐብዱልቃድር የፈረንሳይን ወረራ ለዓመታት ሲዋጉ ዋና ከተማቸው በድንኳን የሚንቀሳቀስ ነበር፤ ስማላ ይባል ነበር፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሴቶች፣ ልጆች፣ ዑለማ፣ ከብት፣ ኪታብ። በሜይ 16፣ 1843 አሚሩ በሌሉበት የፈረንሳይ ፈረሰኛ ጦር ደረሰበት። ከተማረኩት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት ባሕር ተሻግረው ወደዚህች ደሴት መጡ። ከነልጆቻቸው። ከዚያም ለአሥርት ዓመታት ሌሎች የአልጄርያ እስረኞች ተከታትለው መጡ። አሚሩ ራሳቸው በ1847 ከእጅ መስጠታቸው በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ለአምስት ዓመት ታስረው፣ ኋላ ደማስቆ ኖረው፣ እዚያ በ1860 በሺ የሚቆጠሩ ክርስቲያኖችን ከመታረድ ያዳኑ ሰው ናቸው። ወታደሮቻቸውና ቤተሰቦቻቸው ግን ብዙዎቹ ከዚህ ደሴት አልወጡም።

ስማላው የተያዘበትን ቀን ኦራስ ቨርኔ የሚባል ሠዓሊ ሥሎታል። ሥዕሉ ከ21 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰቅሏል። ሲኒማ ከመፈጠሩ በፊት የተሠራ ሲኒማ በሉት። በዚያ ሥዕል ላይ የፈረንሳይ ፈረሰኞች ይጋልባሉ፣ ሴቶች ይሸሻሉ፣ ድንኳን ይፈርሳል። ሃያ አንድ ሜትር ለድል አድራጊው። ለተሸናፊው ደግሞ ስም የሌለው የድንጋይ ክብ፣ በጥድ ዛፍ ስር።

ለቀብሩ ባለቤቶች ሰላምታ አቀረብን፣ ዱዓ አደረግን፣ ዙህርን እዚያው አካባቢ ሰገድን። ከዛፎቹ ባሻገር ባሕሩ፣ ከባሕሩ ባሻገር ክሯዜት ቁልጭ ብላ ትታያለች። ያን ሁሉ ጊዜ አጥሩ ስር ስንቆም ከጀርባችን ይህ ደሴት ነበረ። ጀርባችንን ሰጥተነው ነበር።

እዚህ ላይ ብናቆም ጽሑፉ ለቅሶ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ለቅሶ ብቻ አይደለም። በ1975 በዚሁ ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የወርቁን ዘንባባ፣ የወሰደው አልጄርያዊ ነው። ሙሐመድ ላኽዳር ሐሚና። ከአፍሪካ ዳይሬክተሮች ይህን ሽልማት ለማግኘት የመጀመሪያው። ፊልሙ የሚናገረው የአልጄርያ ገበሬ በቅኝ ግዛት ስር ከ1939 እስከ 1954 እንዴት እንደኖረና ለምን እንደተነሳ ነው። የገዛ አባቱን የገደለበት የፈረንሳይ ጦር ነው። የቨርኔ ሥዕል በተሣለበት ሀገር፣ ደሴቱ ፊት ለፊት፣ የተሸናፊው ልጅ የራሱን ምስል ሠርቶ መጣ። እኛ ካን በገባንበት ዓርብ፣ ሜይ 23፣ 2025፣ ይህ ፊልም ታድሶ ለክብሩ በፌስቲቫሉ ይታይ ነበር። በዚያው ቀን ላኽዳር ሐሚና አረፉ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ዜናውን ያነበብነው ማታ ነው፤ ፊልሙ እየታየ መሆኑን እንኳ ሳናውቅ መኪና ስንቆጥር አምሽተን።

ሌላም አለ። የጋዛዋ ፎቶግራፈር ፋጢማ ሐሱና። ፊልሙን የሠራችው ሴፒደህ ፋርሲ የተባለች ኢራናዊት ናት፤ ጋዛ መግባት ስላልቻለች ከፋጢማ ጋር ለወራት በስልክ በቪዲዮ እየተነጋገሩ ነው የተሠራው። ኤፕሪል 15፣ 2025 ፊልሙ ለካን መመረጡ ተነገረ። በማግስቱ ፋጢማ ቤቷ በቦምብ ተመትቶ ከቤተሰቧ አባላት ጋር ተገደለች። 25 ዓመቷ ነበር። የመክፈቻው ምሽት ላይ የዳኞች ሰብሳቢ ጁልየት ቢኖሽ መድረክ ላይ ስሟን አንስታለች። የደሴው ልጃችን የዚያን ምሽት የቢኖሽን ልብስ ያውቃል። ፋጢማን አያውቃትም። በእሱ አንፈርድም፤ ስልኩ ያሳየው ልብሱን ነው።

ታዲያ ምን እንበል? «ፊልም ሐራም ነው፣ በቃ» የሚል ወንድም አለ። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ የሐላልና የሐራሙን ዝርዝር ዑለማዎቻችንን ጠይቁ። ግን አንድ ነገር በዓይናችን አይተናል፤ ምስሉን ለሌላ ሰው ትቶ የሄደ ሕዝብ ከምስሉ አልወጣም፤ ሌላ ሰው ሣለው። በቬኒስ እኛን የሣለን የሙሶሊኒ ልጅ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቀይ ምንጣፉን የሕይወቱ ቂብላ ያደረገ ወጣት አለ። ለእሱ የምንለው፣ ወንድማችን፣ ሄደን አይተነዋል፤ ስድሳ ሜትር ነው።

የኢትዮጵያ ስም በካን አልጠፋም። በ1976 የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» እዚያ ታይቷል፤ በ2015 የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በፌስቲቫሉ ዋና ምርጫ ውስጥ ገብቷል። ሙስሊሙስ ታሪኩን የት አስቀመጠ? የወሎ መንዙማ በስንት ሸይኽ አንደበት ላይ ብቻ ቀርቷል? የድሬ ሸይኽ ሑሴን ዚያራ በእግራቸው ቀናት ተጉዘው የሄዱ አዛውንቶች ስንቱ በሕይወት አሉ? የሐረርን ኪታብ በእጅ ይገለብጡ የነበሩትስ? የደርግን ዘመን፣ የ77ን ረሃብ፣ ሙስሊሙ ሰልፍ የወጣበትን የ1966ን ቀን በዓይናቸው ያዩ አባቶች በየመስጂዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ከእነሱ አጠገብ አንተ ስልክህን ይዘህ የሌላ ሀገር ሴት ቀሚስ ታያለህ። ፋጢማና ሴፒደህ ፊልም የሠሩት በዚያው በያዝከው ዓይነት ስልክ ነው።

ከጉዞው ስንመለስ የኒካሑ ካሜራ ባለሙያ ጓደኛችን አንድ ነገር ጀምሯል። ወደ ወሎ በደወለ ቁጥር አያቱን ያስወራና ይቀርጻል። እሳቸው መጀመሪያ «ልጄ፣ እኔን ምን ብለህ!» ብለው አፍረው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። አሁን ሰዓቱ ሲደርስ ራሳቸው «አትደውልም ወይ?» ያስብላሉ። ጥራቱ መጥፎ ነው፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ዶሮ ይጮሃል። የማን መሬት በማን እጅ እንደገባ፣ የትኛው መስጂድ በማን ድንጋይ እንደተሠራ ይናገራሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከደሴቱ ስንመለስ መብራቱ መጥቶ ነበር። ማታ የወርቁ ዘንባባ ለኢራናዊው ጃፋር ፓናሂ ተሰጠ፤ ለዓመታት ከሀገሩ እንዳይወጣ ታግዶና ታስሮ የቆየ ሰው ነው። እኛ በዚያ ሰዓት ባቡር ላይ ነበርን። ለደሴው ልጃችን ካነሳናቸው ፎቶዎች ውስጥ መርጠን አንዱን ብቻ ላክንለት፤ የደረቀ የጥድ ቅጠል የወደቀበት የድንጋይ ክብ። ቆይቶ መለሰ፦

«ይሄ የማን ቀብር ነው?»

«ቁጭ በል፣ እንነግርሃለን» አልነው።